የተመሰገነ መጽሐፍ ያልጣመው አንባቢ



በየዘመኑ «ይህን ያላነበበ ሰው አነበብሁ አይበል» የሚባልላቸው መጻሕፍት አሉ። ስማቸው በትምህርት ቤት ይጠራል፤ በማኅበር ጠላ ላይ ይወሳል፤ በየቤቱ መደርደሪያ ላይም በክብር ተቀምጠው ይታያሉ። ዳሩ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን በጉጉት ገልጦ፣ ሃያ ወይም ሠላሳ ገጽ ያህል ተጉዞ፣ ልቡ አልከፈት ብሎት መልሶ የዘጋው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው «እኔን አልጣመኝም» ብሎ እውነቱን መናገር ነው። ሁለተኛው ከአመስጋኞቹ ጋር አብሮ ማመስገን ነው። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። በዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማውሳት አስቤአለሁ። ለዚህ ያነሣሣኝም ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍሌ ውስጥ የሠራሁት አንድ በደል ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የለም ለማለት ይቻላል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው ይህ መጽሐፍ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን የበዛብህንና የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይተርካል። ከዚሁም ጋር የዚያን ዘመን የጎጃምን ኑሮ፣ የጌታውንና የጭሰኛውን ጠብ፣ የቤተ ክህነቱንና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት አንድ በአንድ ያሳያል። እኔም ይህን መጽሐፍ በወጣትነቴ አንብቤ እጅግ ወድጄዋለሁ። ስለዚህ በማስተምርበት ክፍል ለነበሩ 42 ተማሪዎች «ፍቅር እስከ መቃብር ታላቅ መጽሐፍ የሆነበትን ምክንያት ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ።

ወረቀቶቹን ስሰበስብ አርባ አንዱ ምስጋና ነበሩ። ቋንቋው የላቀ፣ ታሪኩ ልብ የሚነካ፣ ደራሲው ወደር የሌላቸው መሆናቸውን ሁሉም መስክረዋል። አንዲት ልጅ ግን «መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አልወደድሁትም። ሰዎቹ ብዙ ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ታላቅነቱን ሌሎች ሲናገሩ እሰማለሁ እንጂ እኔ አላገኘሁትም» ብላ ጻፈች። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ተቈጣሁ። «አላነበብሽውም» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁባትና ከአሥሩ አራት ሰጠኋት። ለአመስጋኞቹ ስምንትና ዘጠኝ ሰጥቻቸው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጅቱ እናት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ አገኙኝና ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ በትሕትና ተናገሩኝ።

«መምህር፣ ልጅቱን ስላስተማሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራት መስጠትዎ አላስከፋኝም። አላነበብሽውም ማለትዎ ግን አሳዘነኝ። እናቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ማታ ማታ ሳይነበብላቸው አይተኙም። ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያንን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችላቸው እርስዋ ናት። እናቴ እያለቀሱ ይሰማሉ፤ እርስዋም እያዛጋች ታነባለች።»

ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አላወቅሁም። ሰኞ ዕለት ወደ ክፍል ገብቼ ማንንም ሳልወቅስ አንድ ቀላል ጥያቄ በቃል ጠየቅሁ፤ «ሕዝቡ ካሳን ‹ጉዱ ካሳ› ብሎ የጠራው ስለ ምንድር ነው?» አልሁ። ጉዱ ካሳ በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩን ልማድ በግልጽ ስለሚነቅፍ ሰዎች እንደ እብድ የሚቈጥሩት ሰው ነው፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው እርሱን ሊረሳው አይችልም። ከ42ቱ ተማሪዎች መልሱን የሰጡኝ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከሁሉ አስቀድማ እጅዋን ያነሣችውም ያቺው «አላነበብሽውም» ያልኋት ልጅ ነበረች። ለካ የቀሩት ሠላሳ ሦስቱ ምስጋናውን ከታላላቆቻቸው ደብተርና ከሌላ ሰው አፍ ቀድተውት ኖሯል። እንግዲህ እኔ መምህር ነኝ ባዩ ላልታየ ነገር የመሰከሩትን ሸልሜ፣ ያየችውን የተናገረችውን ቀጥቼ ተገኘሁ። በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው፣ በሳምንቱ ቀን የሐሰት ምስክርነትን በቀለም እየከፈልሁ አስተምር ነበር ማለት ነው።

ልጅቱን በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ነጥብዋንም አስተካከልሁ። ከዚያም ያልወደደችበትን ምክንያት አስረድታ እንድትነግረኝ ለመንኋት። እርስዋም ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች፦

«አያቴ ጭሰኞቹ ሲበደሉ ታለቅሳለች፤ አባትዋ ጭሰኛ ስለ ነበሩ ታውቀዋለች። እኔ ግን ጭሰኛ ምን እንደ ሆነ የማውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ነው። ጉዱ ካሳ ስለዚያ ነገር ብዙ ሲናገር፣ አያቴ ‹እውነት ነው! እውነት ነው!› ትላለች። እኔ ደግሞ ‹አሁን ሰብለ ወንጌል ምን ትሆን ይሆን?› እላለሁ።»

ይህ መልስ ከአርባ አንዱ ምስጋና ይልቅ ስለ መጽሐፉ ብዙ ነገር አስተማረኝ። መጽሐፉ ሲታተም ጭሰኝነት በአገሩ ላይ ገና የቆመ ሥርዓት ነበረ፤ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜ አንባቢ የጉዱ ካሳን ንግግር ሲያነብ በገዛ ደጁ ስላለ ነገር የሚሟገትለት ሰው አገኘ። የዛሬዋ ልጅ ግን ሙግቱ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰችው። ሌላም ነገር አለ። በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህንን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፣ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ሰምተው ወድደውታል። አያትየውም መጽሐፉን ቀድሞ ያወቁት በዚያ ድምፅ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መብራት ሥር አንዱን መጽሐፍ ይዘው ሲቀመጡ፣ አንደኛዋ የመጣችው ከሙሉ ጎተራ ነው፤ ሁለተኛዋ ከባዶ። የማታለቅሰው ልጅ ልበ ደንዳና ስለ ሆነች አይደለም።

በሌላ ወገን፣ መንፈሳውያን አባቶች መካከል የበዛብህን ስለት መፍረስና በካህናት ላይ የሚነገረውን ነቀፌታ ስለማይወዱ ይህንን መጽሐፍ የማያቀርቡ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ደራሲው ራሳቸው በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸውና የሚጽፉት ከውስጥ የሚያውቁትን ነው። ነገር ግን እነዚያ አባቶች ምክንያታቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ፣ ሳያነብ ከሚያመሰግን ሰው ይልቅ አከብራቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ልናዘዝ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጡታል፤ ብዙ አንባቢ ግን ከብዶት ይተወዋል። እኔም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼው ነበር። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በሰዎች ንግግር ስለሚሄድ ማን ለማን እንደሚናገር ይጠፋብኛል፤ ቃላቱም እንግዳ ይሆኑብኛል። ሆኖም በመምህራን ማረፊያ ክፍል መጽሐፉ ሲነሣ «እንዴታ! ድንቅ ሥራ ነው!» እያልሁ ዓመታት አሳለፍሁ። ልጅቱን የቀጣኋት ስለ መጽሐፉ ክብር ተቈርቍሬ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩን ስመረምረው ግን እኔ ለመናገር ያልደፈርሁትን ደፍራ ስለ ተናገረች ኖሯል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በዚያው ማረፊያ ክፍል «አደፍርስን እስከ ዛሬ አልዘለቅሁትም» ብዬ ተናገርሁ። ይሥቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱ ባልደረባዬ «እኔም» አለ። ሌላው ግን፣ መጽሐፉን ከልቡ የሚወድ ሰው ነበረና፣ በማግሥቱ ይዞት መጣ። ከሻይ በኋላ አንዱን ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የየራሱን አነጋገር እየሰጠ አነበበልኝ። ያን ጊዜ በወረቀት ላይ የተምታታብኝ ነገር በጆሮዬ ተለየ። ይህ መጽሐፍ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም የሚነበብ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። በአራተኛው ጊዜ ጨረስሁት። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ከምወዳቸው መጻሕፍት አንዱ አይደለም። ነገር ግን የሚወዱት ሰዎች ስለ ምን እንደሚወዱት አውቄአለሁ፤ ይህም ቀላል ትርፍ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው በገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ታላቅ ሰው ነበረ፤ «አዎን፣ ይገባኛል» ብሎ ክብሩን ሊጠብቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረና ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አወጣው። ያ ሹም በዚያች ሰዓት ያወቀ መስሎ ቢሆን ኖሮ፣ ፊልጶስ በመንገዱ ባለፈ ነበር። ሳይገባው የገባው የሚመስል አንባቢ የሚያስተምረውን ሰው ከደጁ የሚመልስ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ቅዱስ መጽሐፍንና ልብ ወለድን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ይህን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ። ልብ ወለድ ቢጣል ነፍስ አይጐድልባትም። ይሁን እንጂ ቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን ለሁሉ በአንድ ቀን አይጣፍጥም። አውግስጢኖስ በ19 ዓመቱ የሮማዊውን የሲሴሮን ጽሑፍ አንብቦ ልቡ ከተነካ በኋላ ወደ መጻሕፍት ቅዱሳት ቢመለስ፣ አነጋገራቸው ከሲሴሮ ጋር ሲተያይ ተራ ሆኖ ታየው። ይህንንም ኋላ ጳጳስ ከሆነ በኋላ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ሳይደብቅ ጻፈው። መጽሐፉ የተከፈተለት ከዓመታት በኋላ በሚላኖ የአምብሮስዮስን ስብከት ሲሰማ ነው፤ በ387 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠርም በእርሱ እጅ ተጠመቀ። መጽሐፉ ያው ነበረ፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

እኔም በንባብ ቤት ሳለሁ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ከዳር እስከ ዳር ደግሜአለሁ። ጣዕሙን ግን አላውቀውም ነበር፤ ለእኔ ዳዊት ማለት የጧት ብርድና የየኔታ አለንጋ ነበረ። የኔታም «ጣመህን?» ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የሚጠይቁኝ «ዘለቅኸውን?» ብለው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በትርጓሜ መምህር እግር ሥር ጥቂት ጊዜ ተቀምጬ አንድምታውን ስሰማ፣ በሕፃንነቴ ያለ ትርጉም በአፌ ያመላለስሁት ቃል አንድ በአንድ እየተነሣ መልስ ሰጠኝ። አበው ይህንን ስለሚያውቁ ትምህርቱን በየወንበሩ ከፍለውታል፤ ንባብ ሳይደላደል ዜማና ቅኔ፣ ቅኔ ሳይታወቅ ትርጓሜ አይሰጥም። ከትርጓሜውም ወገን ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዮስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዙት መጻሕፍተ መነኮሳት ለብቻቸው ጉባኤ ተሠርቶላቸዋል። የመንፈሳዊውንም ሕይወት ማዕርግ ወጣኒ፣ ማእከላዊና ፍጹም ብለው ለይተውታል። ወጣኒው የፍጹሙ መጽሐፍ ቢከብደው ጊዜው አልደረሰም ይባላል እንጂ አይነቀፍም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እኔን ካልጣመኝ መጽሐፉ ከንቱ ነው» የሚልም አይጠፋም። ለእርሱ የሩስያውን ደራሲ የሊዎ ቶልስቶይን ምሳሌ አቀርብለታለሁ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን የጻፈውን እንግሊዛዊውን ሼክስፒርን ዓለም ሁሉ ሲያመሰግነው፣ ቶልስቶይ ግን አልወደደውም። በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለሃምሳ ዓመት ያህል በሩስኛ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ደጋግሞ እንዳነበበው፣ በ75 ዓመት ዕድሜውም ሁሉን እንደ ገና እንደ ተመለከተው፣ ያገኘውም መሰልቸትና ቅሬታ እንጂ ደስታ አለመሆኑን ገለጠ። ብዙዎች ቶልስቶይ ተሳስቷል ብለው መልሰውለታል፤ እኔም ተሳስቷል ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን አንድ ሰው የተመሰገነ መጽሐፍን ለመንቀፍ እንዲህ ያለ ድካም ከደከመ ነቀፌታው ሊሰማ ይገባዋል። ዐሥር ገጽ ገልጦ «የማይረባ ነው» የሚል ሰው ግን፣ ሳያነብ «ድንቅ ነው» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ያላዩትን መስክረዋል።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባን ምንድር ነው?

አንደኛ፣ ያላነበብነውን አናመስግን፤ አንንቀፍም። «አላነበብሁትም» ማለት በልጆቻችን ፊት የሚያሳፍር ቃል አይደለም። አባት ይህን ሲል የሰማ ልጅ በትምህርት ቤት ሌላ ሰው የጻፈውን ምስጋና የራሱ አስመስሎ አይጽፍም።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ሳይጥመን ሲቀር ምን እንደ ጐደለ እንመርምር። የዘመኑን ነገር ባለማወቃችን ነውን? ዕድሜያችን አልደረሰምን? የሚመራን ሰው አጣንን? ወይስ በእርግጥ ጉድለቱ ከመጽሐፉ ነው? ታላላቅ መጻሕፍትም ጉድለት አለባቸው። የልጅቱ «ሲናገሩ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል» ማለት ከሊቃውንት ጋር የሚያከራክር እውነተኛ አሳብ ነው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍን በቤት ውስጥ በድምፅ እናንብብ። የቤተ ክርስቲያናችን ንባብ ከጥንት የጆሮ ንባብ ነው፤ ተአምሩም ስንክሳሩም ገድሉም ለሚሰማ ጉባኤ ይነበባል። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ቢነበብ፣ ሽማግሌው ያየውን ይጨምራል፤ ልጁም ያልገባውን ይጠይቃል። ለአንዱ የተዘጋው ለሌላው ክፍት ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ያስገባዋል።

አራተኛ፣ ልጅን በቍጣ መጽሐፍ አናስወድድ። በግድ ያስጨረስነው ልብ ወለድ ለዘላለም የተዘጋ ይሆናል። ይልቁንስ «ለጊዜው አስቀምጠው፤ ከዓመታት በኋላ እንሞክረዋለን» እንበል። የጸሎት መጽሐፍ የደረቀበት ሰው ግን መጽሐፉን ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ንስሓ አባቱ ሄዶ ነገሩን ይንገር፤ በዚህ ጉዳይ ፊልጶሱ እርሱ ነውና።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለው፣ በሐሰት ምስጋና የተለበሰ አእምሮ ፍሬ አይሰጥም። ያቺ ተማሪ ትምህርትዋን ጨርሳ ከእኛ ዘንድ ከሄደች ቆይታለች። ባለፈው ዓመት በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ አገኘኋት፤ የተቀበሩት እነዚያ አያትዋ ነበሩ። ካጽናናኋት በኋላ ስለ መጽሐፉ እኔ ሳልጠይቃት እርስዋ አነሣችው። «አያቴ ከማረፍዋ በፊት ዳግመኛ አስነበበችኝ» አለችኝ። «አሁንስ?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «አሁንም ንግግሩ ይረዝምብኛል፤ ነገር ግን አያቴ የምታለቅስበትን ቦታ ስደርስ ድምፄ ይቈረጥ ጀመር» አለች።

የዚህን መልስ ነጥብ በቀይ ቀለም ልጽፍ አልቻልሁም።

እግዚአብሔር አምላካችን የምናነበውን የምናስተውልበትን ልቡና፣ ያላስተዋልነውንም የምንጠይቅበትን ትሕትና ይስጠን፤ አሜን።